ያልተቀደደችው የመመለሻ ቅጠል

ጡረታ የወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ሜዳው ነው። እኔ ገና ሃምሳ አልሞላኝም፣ ጉልበቴም አልላላም፤ ሳይሰናበተኝ የሄደው ፀጉሬ ብቻ ነው። ሜዳው ግን በቃው። የመኪናው መንገድ እየተስተካከለ፣ አውቶቡሱም እየበዛ ሲሄድ፣ ፍኖተ ሰላም በሳምንት ሁለት ቀን ይወርድ የነበረው አውሮፕላን መጀመሪያ ወደ አንድ ቀን ወረደ፤ ኋላ "ከእንግዲህ እዚያ አይወረድም" የሚል ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤውን ያመጣው ራሱ አውሮፕላኑ ነው። የራሱን መርዶ ተሸክሞ ሲመጣ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

አሁን ሜዳው ላይ ላም ይግጥበታል። አሥራ አንድ ዓመት በዱላ ሳባርራቸው የኖርሁ ላሞች፣ ወይም የእነሱ ልጆች ናቸው። በዚያ ሳልፍ ቀና ብለው ያዩኛል፤ በይግባኝ እንደረታ ባላጋራ።

ሰው "ሥራህ ምን ነበር?" ሲለኝ "ሰው መመዘን" እላለሁ። ይስቃሉ። ቀልዴን ግን አይደለም። ሜዳው ሣር ነው፤ ከጫፉ ላይ ባሕር ዛፍ አለ። አውሮፕላኑ ከልክ በላይ ከጫነ ባሕር ዛፉን ሳያልፈው ይቀራል፤ ያን ጊዜ የሁላችንም ነገር አለቀ። ስለዚህ ተሳፋሪውን ከነሻንጣው ባስኩላ ላይ አቆምና መዝኜ እጽፋለሁ፤ አብራሪው ሲወርድ ድምሩን እሰጠዋለሁ። ባላገሩ መመዘን አይወድም፤ "እህል ነኝ?" ይላል። አንድ የቡሬ በርበሬ ነጋዴ ብቻ ነበሩ የሚወዱት። ቦርጫቸውን አስቀድመው ይወጡና "ጮክ ብለህ ንገር፤ ውጭ ያሉት ይስሙ" ይሉኛል። እኔም እንደ አዋጅ ነጋሪ እጮኻለሁ።

የተቀጠርሁት ለዕውቀቴ አይደለም። የደምበጫ ልጅ ነኝ፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርትና እኔ በሰላም ተለያየን። የአየር መንገዱ ድርጅት ለቡሬ ሜዳ ሰው ሲፈልግ የጠየቁኝ ሁለት ነገር ነው፦ "ቁጥር ታነባለህ?" እና "መሮጥ ትችላለህ?" ሁለተኛው ለምን እንዳስፈለገ የገባኝ አውሮፕላኑ ሊወርድ ሲያንዣብብ፣ አንድ ወይፈን መሐል ሜዳ ላይ ሲተኛ ነው።

ቡሬ ላይ ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ተፈራ ናቸው። የሐረር ሰው ናቸው፤ ምን በድለው ቡሬ እንደተላኩ አልነገሩኝም። በዚያ ጭቃ መሐል ከረባት ያስራሉ። የብዕራቸውን ጫፍ ሁልጊዜ የሚጠርጉት በግራ እግራቸው ካልሲ ነበር፤ ስለዚህ ግራ ካልሲያቸው ሰማያዊ፣ ቀኙ ነጭ ነው። አንድ ቀን "ጋሽ ተፈራ፣ በሁለቱም ቢጠርጉ እኮ ጥንድ ይሆናል" አልኋቸው። ረጅም ጊዜ አስበው "ቀኙ ለክት ነው" አሉኝ።

ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ ሻንጣ ባስኩላ ላይ ከመውጣቱ በፊት በእጃቸው ያነሡታል።

"ባስኩላው ስንት ኪሎ እንደሆነ ይነግርሃል" አሉኝ። "ሰውየው ይመለስ አይመለስ እንደሆነ የሚነግርህ ግን እጅህ ነው።"

"እንዴት ጋሼ?"

"የሚመለስ ሰው የሚይዘው የሌላ ሰው ነገር ነው። ቅቤ ለእኅቱ፣ ማር ለአጎቱ፣ ዶሮ ለዳኛው። የማይመለስ ደግሞ የራሱን ይይዛል፤ ትራሱን፣ ዳዊቱን፣ የለመደውን ዋንጫ። ሰው ዞሮ ዞሮ የሚመለሰው ዕቃው ካለበት ነው።"

ሁለተኛው ልማዳቸው ከባስኩላው ጀርባ ያለችው ወንበር ናት። ጀርባዋ ወደ በሩ ነው። ተሳፋሪውን እዚያ ያስቀምጡና፣ ሸኚውን ሁሉ "ሚዛኑ ሰው ሲበዛበት ይሳሳታል" ብለው ያስወጣሉ። ውሸታቸውን ነው። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይሰጡታል፤ ጠጥቶ ሲጨርስ ዝቅ ብለው "አንተስ፣ መመለስ ትፈልጋለህ?" ወይም "መሄድ ትፈልጋለህ?" ይሉታል። አንድ ቀን አንድ ወጣት በአባቱ ግፊት አጎቱ ዘንድ ሊሄድ መጣ። ውሃውን ጠጣ፤ ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቀሰ። ጋሽ ተፈራ ወጥተው አባትየውን "ጭነቱ ሞልቷል፤ ዛሬ አይሄድም" አሏቸው። አውሮፕላኑ በግማሽ ባዶ ነበር። አባትየው አንጋጠው አዩትና "ምን ጭነው ነው እቴ" እያሉ ልጃቸውን ይዘው ተመለሱ።

"ይኼ የእኛ ሥራ ነው?" ስል ጠየቅኋቸው።

"ቲኬት የሚያስቆርጠው ሌላ ነው፣ የሚሄደው ሌላ ነው" አሉኝ። "አንተ የሚሄደውን ጠይቅ። ሌላውማ ሳትጠይቀውም ያወራል።"

ሦስት ዓመት አብሬያቸው ከሠራሁ በኋላ ፍኖተ ሰላም ብቻዬን ተሾምሁ። ሹመቱ አንድ ባስኩላ፣ አንድ ሬዲዮ፣ አንድ ባንዲራና አንድ ዱላ ነው። ወንበሯንም እንደ እሳቸው ጀርባዋን ወደ በሩ አድርጌ አስቀመጥኋት።

አሁን ወደ ደርሶ መልስ ልግባ። ቲኬቱ ሦስት ቅጠል አለው። የመሄጃዋን እኔ እቀድዳለሁ። የመመለሻዋን ሰውየው ይዞ ይሄዳል፤ ሲመለስ አዲስ አበባ ያለው ባልደረባዬ ይቀድዳትና ከጭነቱ ጋር ይልክልኛል፤ እኔም ከቀሪዋ ሦስተኛ ቅጠል ጋር አያይዛታለሁ። ያን ጊዜ ሰውየው ተመለሰ ይባላል።

በበዓል ሰሞን ታዲያ ድርጅቱ አንድ የማይገባኝ ነገር ያደርጋል፤ ደርሶ መልሱን ከመሄጃው ብቻ ያረክሰዋል። ለምን እንደሆነ ሦስት ሹም ጠይቄ ሦስት ዓይነት መልስ አግኝቻለሁ። የእኛ አገር ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠውም። ሄዶ የሚቀረውም፣ በአውቶቡስ የሚመጣውም ደርሶ መልስ ይቆርጥና የመመለሻዋን ይጥላታል። ያ የቡሬ ነጋዴ ሱረት ሲጠቀልሉባት አይቻለሁ። አንድ የማንኩሳ ገበሬ ሲሄድ ሆዱ ተገለባብጦበት "መልሱን ለጠላቴ ስጡት" ብሎ በእግሩ ነው የመጣው። አንዴ ደግሞ በአንድ ቄስ ስም ጢም ያልነካው ወታደር ከአውሮፕላኑ ወረደ። "አባ፣ እርስዎ ነዎት?" ስለው ትንሽ አሰበና "እግዜር ይፍታህ" አለኝ።

እኔን ያልተመለሱት ሰዎች ነገር ያጓጓኝ ነበር። ጓደኛቸውን ያጡትን ቀሪ ቅጠሎች በብስኩት ቆርቆሮ አጠራቅማለሁ፤ ሥራ ሲፈታ አወጣና "ይቺ ሴትዮ ምን አግኝታ ቀረች?" እያልሁ እንደ ካርታ እደረድራቸዋለሁ። የጣቢያዎች ሹም ግን እንደኔ አልተጓጓም። ወንበር እየተያዘላቸው ባዶ ስለሚበር ተናደደና "ደርሶ መልስ የሚቆርጥ ሁሉ በእርግጥ የሚመለስ መሆኑን የጣቢያው ሠራተኛ ያረጋግጥ" ብሎ ጻፈልኝ። እንዴት እንደማረጋግጥ አልጻፈም። እኔም ብልሃት አወጣሁ። ከመመለሻዋ ቅጠል ጀርባ በትልልቅ ፊደል "ይመለሳል" ብዬ እጽፍና እፈርማለሁ። ሹሙ ደስ አለው። ፊርማዬም ያምር ነበር፤ ጅራቷን እንደ ፈረስ ጭራ አዞራታለሁ። ጉድ ያመጣችብኝ ያቺ ጭራ ናት።

ከማንኩሳ ማዶ አንድ ደብር አለ፤ የቅኔ ጉባኤ ያለበት። የጉባኤው መምህር የኔታ ይባላሉ፤ ሌላ ስማቸውን ቲኬት ልጽፍ ስጠይቅ እንኳ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያይተው ነበር። የኔታ ዓይናቸው ደክሞ አዲስ አበባ ሐኪም ሊያያቸው ሆነ። ደብሩ ተጨነቀ። ስለ ዓይናቸው ብቻ አይደለም፤ ከተማ የሄደ መምህር ትልልቅ አድባራት ይሻሙታል፤ ከዚያ ወዲያ አይገኝም። በመስቀል ማግስት ግማሽ ደብር ይሆናል፣ የኔታን ይዞ ሜዳው ላይ መጣ።

የደብሩ አለቃ ቀረቡ። "ደርሶ መልስ የሚባል አለ አሉ።"

"አለ አባቴ። የዛሬ ስምንት ቀን ማክሰኞ ይመለሳሉ።"

ከኋላቸው አንድ ቀጭን ሽማግሌ ብቅ አሉ። አያ ልየው ይባላሉ፤ የደብሩ ሽማግሌ ዳኛ ናቸው። "ወረቀቱ ይመልሳቸዋል?" አሉ።

"ይመልሳቸዋል።"

"የት ላይ ይላል?"

ገልብጬ አሳየኋቸው። ፊደል የሚያውቅ ዲያቆን ጠርተው አስነበቡት። "ይመለሳል" አለ ዲያቆኑ።

"ከሥሩ ያለችው ጭራ ምንድን ናት?"

"ፊርማዬ ናት አያ።"

"እንግዲያ ዋሳቸው አንተ ነህ።"

እዚህ ላይ ነው ቀልደኛነቴ ያጠፋኝ። "እኔ ነኝ እንጂ" አልኋቸው፤ "ባይመጡ እኔ ራሴ መጥቼ ቅኔ አስተምርላችኋለሁ።" የሳቀ ሰው አልነበረም። አያ ልየው ወደ ኋላ ዞረው "ሰማችሁ?" አሉ። "ሰምተናል" አሉ ሦስት ሰዎች ባንድ አፍ።

በአገራችን ዋስትና ቀልድ አይደለም። ለሰው ዋስ የሆነ በቀጠሮው ሰውየውን ያቀርባል፤ ካላቀረበ በእሱ ቦታ ይያዛል። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ ግን ቲኬት ቆራጭ ዋስ ይሆናል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

የኔታን መዘንሁ። ጓዛቸውን እንደ ልማዴ በእጄ አነሣሁት፤ አነሣሁትና ቀጥ አልሁ። ማኅደራቸው ከነመጻሕፍቱ አለ። የሚቀመጡበት አጎዛ አለ። የሚበሉበት የእንጨት ገበቴ፣ ያረጀው መቋሚያቸው፣ ትራሳቸው ሳይቀር አለ። ለስምንት ቀን የዓይን ሕክምና። ለእኅት የሚሆን ቅቤ የለ፣ ለሰው የሚሰጥ ማር የለ። እጄ በደንብ ነግሮኛል።

ቀና ስል የኔታ በዚያ በደከመ ዓይናቸው ወደኔ እያዩ ናቸው፤ አንድ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው። ወንበሯ አጠገባችን ናት፣ ውሃውም እንስራው ውስጥ አለ። ነገር ግን የአውሮፕላኑ ድምፅ በደምበጫ በኩል መሰማት ጀምሯል፤ ሜዳው ላይ ሁለት ላም አለ፤ ክፍሉን የሞላው ሸኚ ሁሉ ባንድነት ስለ የኔታ ያወራል። ሰዉን ላስወጣው አልሁና ተውሁት። "የኔታ፣ ቅኔ እንዲህ ይከብዳል?" ብዬ ቀለድሁ።

ፈገግ አሉና "አይ ልጄ" ብለው ከባስኩላው ወረዱ።

በአሥራ አንድ ዓመት ብዙ አጥፍቻለሁ። አንዴ የዳኛ ሻንጣ ወደ ባሕር ዳር ልኬ ዳኛውን አዲስ አበባ አውርጃለሁ። ግን ጥፋቴ የቱ ነው ብባል ያቺ ሳትነካ የዋለች ብርጭቆ ናት የምለው።

ማክሰኞ ደረሰ። ደብሩ ጃንጥላና ከበሮ ይዞ መጣ። አውሮፕላኑ ወረደ፤ በሩ ተከፈተ፤ አንድ ፖሊስ ወረደ፤ አንዲት ሴት ከነልጇ ወረደች፤ በሩ ተዘጋ። ከበሮው ዝም አለ። በሬዲዮ አዲስ አበባን ብጠይቅ "አልቀረቡም" አለኝ። "ለቅዳሜ ተላልፈው ይሆናል" ብዬ አጽናናሁ። ቅዳሜም ፖሊስ ነው የወረደው።

አያ ልየው ወደኔ መጡ። ቁጣ የለባቸውም። "በል ዋስ፣ የኔታን አምጣ" አሉኝ። "አለዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጥና አስተምር፤ ብለሃል።"

"አያ፣ እኔ ቀልዴን ነው።"

"እኛ ቀልዳችንን አይደለም። ተማሪ እንደ ንብ ነው፤ አውራው ሲጠፋ ይበተናል። ከአሁኑ አምስቱ ሄደዋል። ጉባኤው ከፈረሰ ያ ደብር ግድግዳ ብቻ ነው የሚቀረው።" ይህን ብለው የጋቢያቸውን ጫፍ ከድርጅቱ ካኪ ኮቴ ጫፍ ጋር ጥብቅ አድርገው ቋጠሩት።

በአያቶቻችን ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ነገራቸው እስኪያልቅ ኩታ ለኩታ ተቋጥረው ይውሉ ነበር፤ ቁራኛ ይባላል። ልማዱ ከቀረ ቆይቷል። አያ ልየው መቅረቱን አልሰሙም፤ ወይም ሰምተው አልተቀበሉትም። እንግዲህ እኔ የአየር መንገድ ሠራተኛ፣ ባንዲራ ይዤ፣ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተቋጥሬ ላም ሳባርር አስቡኝ። አንድ ሰው ስታይ የምትሸሸው ላም ተቋጥረን ስንመጣ ቆማ ነበር የምታየን። አብራሪው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ማነው?" አለኝ። "ረዳቴ ነው" አልሁት።

በሦስተኛው ቀን ቋጠሮውን ፈቱልኝ። ሰውየው ግን አልሄዱም። ጠዋት ጠዋት ከማንኩሳ በኩል ይመጡና ያቺ ጀርባዋ ወደ በሩ የሆነ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ሥራዬን ሁሉ ለመዱት። ባስኩላውን ይጠርጋሉ፤ ኪሎ መገመት ጀመሩ፤ ከእኔ የተሻለ ይገምታሉ። ደርሶ መልስ የሚቆርጥ ሲመጣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

"ትመለሳለህ?" አሉት አንዱን ባለሱቅ።

"እመለሳለሁ።"

"ዋስ አለህ?"

"አያ፣ እርስዎ የድርጅቱ ሰው ነዎት?"

"የለም። ያሰርሁት ሰው ነው የድርጅቱ።"

ባለሱቁ በሚቀጥለው አውሮፕላን ተመለሰ። ሌሎቹም እንዲሁ። ሹሙ ከአዲስ አበባ "የየኔታ ነገር ምን ደረሰ? ከእሱ ሌላ ግን ባዶ ወንበር ቀንሷል፤ ምን ብታደርግ ነው?" ብሎ ጻፈልኝ። ምን ብዬ እመልሳለሁ? "ታስሬ ነው" ልበል?

አንድ ከሰዓት አያ ልየው ብርጭቆዋን አንሥተው "ይቺ ምን ታደርጋለች? ስትጠጣባት አይቼ አላውቅም" አሉኝ። የጋሽ ተፈራን ነገር አወራኋቸው፤ ካልሲያቸውን ጨምሬ። በካልሲው ሳቁ። ስለ ውሃውና ስለ ጥያቄው ስነግራቸው ግን ሳቃቸውን አቆሙ።

"የኔታን ጠየቅሃቸው?"

ልዋሽ ነበር። "አልጠየቅሁም አያ። ጓዛቸውን ሳነሣው አውቄያለሁ። ሰዉ በዛብኝና ቀለድሁ።"

ብርጭቆዋን መልሰው አስቀመጡ። ውጭ ላሞቹ ገብተዋል፤ ሁለታችንም አልተነሣንም። "እኛም አልጠየቅናቸው" አሉ በመጨረሻ።

በሳምንቱ አብረን አዲስ አበባ ልንሄድ ተነሣን። እኔ ድርጅቱ በዓመት አንዴ በሚሰጠኝ ነፃ ጉዞ፣ እሳቸው ደብሩ አዋጥቶላቸው። ስመዝናቸው ከነጋቢያቸው ከነዱላቸው አርባ ዘጠኝ ኪሎ ናቸው። ከባስኩላው ግን አልወርድም አሉ።

"ውሃውስ?"

ቀዳሁላቸው። ጠጡ። "ጠይቀኝ እንጂ።"

"አያ ልየው፣ መመለስ ይፈልጋሉ?"

"ጤፌ አልታጨደ፤ እንዴት አልፈልግም" አሉና ብርጭቆውን መለሱልኝ። "ለካ ሲጠየቁ ደስ ይላል።"

የዓይን ሐኪም ቤቱ "መነጽር ሰጥተን ሸኝተናቸዋል" አለን። ከዚያ በየደብሩ ስንዞር ሁለት ቀን ዋልን። በሦስተኛው ቀን፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጀርባ፣ ከጎጆዎቹ በአንዷ አገኘናቸው። ገና ጢሙ ያልሸበተ መምህር የመጻሕፍት ትርጓሜ እያስተማረ ነው። በዙሪያው ጎረምሶች መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ከመሐላቸው፣ በዚያችው አጎዛ ላይ፣ አፍንጫቸው ላይ መነጽር የሰኩ የኔታ አሉ። መምህሩ አንድ ቃል ጠየቃቸው፤ መለሱ፤ "የለም፣ እንዲህ ነው" ብሎ አረማቸው። የኔታ ሳቁ። እንደዚያ ያለ ሳቅ ደብራቸው ውስጥ አይተውባቸው እንደማያውቁ አያ ልየው ነበሩ የነገሩኝ።

ጠጋ ብለው የየኔታን ጉልበት ሳሙ። "የኔታ።"

"ልየው ነህ? ደብሩ ደህና ነው?"

"ተማሪው እየተበተነ ነው።"

የኔታ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ እኔን አዩኝ። "ያ የሚዛኑ ልጅ አይደለህም? አንተን ደግሞ ምን አመጣህ?"

"ዋስዎ ነው" አሉ አያ ልየው። "እኔ ቁራኛው ነኝ።"

የኔታ ይህን ሲሰሙ ተነሥተው አጎዛቸውን መጠቅለል ጀመሩ። "በእኔ ሰው አይታሰርም" አሉ። "አውሮፕላኑ መቼ ነው?"

"ነገ ጠዋት" አልሁ። መፈታቴ ነው፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን አጎዛውን ይጠቀልሉታል፣ መልሰው ይዘረጉታል። መምህሩ መጽሐፉን ዘጋ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

አያ ልየው እጃቸውን አጎዛው ላይ አሳረፉ። "ይቆዩ የኔታ። ውሃ አለ እዚህ?"

አንድ ተማሪ በጣሳ አመጣ። "እናንተ ውጡ" አሉን፤ መምህሩንም፣ ተማሪውንም፣ እኔንም። በሩ ላይ ሆኜ ሰማሁ። ነውር ነው፤ ግን ስንት ዓመት የጓጓሁለትን ነገር እንዴት ልለፈው?

"የኔታ፣ እርስዎስ መመለስ ይፈልጋሉ?"

ጣሳው መሬት ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ።

"ሠላሳ ዓመት አስተማርኋችሁ ልየው። ልሂድ ባልሁ ቁጥር ጃንጥላ ይዛችሁ መንገድ ላይ ትወድቁብኝ ነበር። ማክበራችሁ ነው፤ አውቃለሁ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም።"

"አሁን ጠየቅሁ።"

"ትርጓሜ ሳልማር እንዳልሞት ብዬ ነው። ዓይኔ የበራው አሁን ነው። ሁለት ክረምት ባገኝ እበቃለሁ። እስከዚያ ከእኔ በታች የሚያስተምረው አስነጋሪዬ ተማሪዎቹን ይይዛቸዋል፤ ይችላል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ እመጣለሁ።"

"ዋስ ይጥሩ።"

"እዚህ ማን አለኝና?"

"እኔ አለሁ" አሉ አያ ልየው።

ወጡና የኮቴን ጫፍ ያዙ። ቋጠሮ እንደሚፈታ ሰው ጣታቸውን አንቀሳቀሱ፤ ቋጠሮ አልነበረም። "በል፣ ፈትቼሃለሁ" አሉኝ።

ደብሩ ውስጥ የጠበቃቸው ቀላል አልነበረም። አለቃው በሰው ፊት "ልትይዝ ሄደህ ተይዘህ መጣህ ልየው" አሏቸው። አያ ልየው "ተይዣለሁ" ብለው ተቀመጡ። አስነጋሪው ወንበሩን ያዘ፤ የቀሩት ተማሪዎች ቀሩ፣ የሄዱትም ጥቂቱ ተመለሱ። አያ ልየው ማክሰኞ ማክሰኞ ሜዳው ላይ መምጣቱን አልተዉም። "ምን ያመጣዎታል? ፈተውኛል እኮ" ስላቸው "ላሞቹ ናፍቀውኝ ነው" ይላሉ። አውሮፕላኑ ሲወርድ ግን በሩን ነበር የሚያዩት።

በዓመቱ ደረታቸውን አመማቸውና አረፉ። ቀብራቸው ላይ አለቃው ጎኔ ቆመው ነበር። "ዋሱም ሞተ፤ የኔታም ቀሩ" አሉ። ማታ ቤቴ ገብቼ የብስኩት ቆርቆሮዬን ከፈትሁ፤ የየኔታን ቀሪ ቅጠል አየኋትና መልሼ ዘጋሁ።

ሁለተኛው ክረምት አለፈ። በዚያን ጊዜ አውሮፕላኑ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚወርደው፤ ጊዜዬን የማሳልፈው ባስኩላ በመወልወል ነበር። አንድ ቀን፣ አውሮፕላን በሌለበት ቀን፣ አንድ መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ከአውቶቡስ ወርደው ሜዳውን እያቋረጡ መጡ። ላሞቹ መንገድ ለቀቁላቸው። ለእኔ አንድ ቀን ለቀውልኝ አያውቁም።

"የኔታ" ብዬ ተነሣሁ።

ከብብታቸው አንዲት ያረጀች ወረቀት አወጡና ሰጡኝ። የመመለሻዋ ቅጠል ናት፤ ፊርማዬ ከነጭራዋ አለች። "ያንተ ናት" አሉኝ።

"ጊዜዋ አልፏል የኔታ።"

"የእኔም አልፏል። ያንተም ሳይሆን አይቀርም፤ ራስህ በርቷል።"

ስቄ ስጨርስ ከበደኝ። "አያ ልየው አረፉ" አልሁ።

"እዚያው ሳለሁ ሰምቻለሁ።"

"ሰምተው ነው የመጡት? ዋሱ ከሞተ እኮ እርስዎን የሚይዝ የለም።"

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። እኔም ጓዛቸውን ልቀበላቸው አነሣሁት። ቀለለኝ። ባዶ ማለት ይቻላል። አጎዛው የለም፣ ገበቴው የለም፣ ማኅደሩ የለም። ጋሽ ተፈራ ትዝ አሉኝ፤ ሰው የሚመለሰው ዕቃው ካለበት ነው። እንግዲህ የመጡት ሊሰናበቱን ነው፤ ዕቃቸው ያለው እዚያ ነው፤ ነገ ይሄዳሉ። እጄ ሳላዘው ባስኩላውን ወደ እሳቸው መጎተት ጀመረ።

"አትመዝን" አሉኝ የኔታ። "ጠይቅ።"

ወንበሯን አመጣሁ፤ ጀርባዋን ወደ በሩ አደረግሁ። የሚወጣ ሸኚ አልነበረም፤ በሩ ላይ አንዲት ላም ቆማ ታይ ነበርና እሷን አስወጣሁ። ብርጭቆዋን አጥቤ ውሃ ቀዳሁ። የኔታ እስከ ታች ጠጡት።

"የኔታ፣ መመለሱን ፈልገውት ነው?"

"አዎ" አሉ። "ፈልጌ ነው። ዕቃዬን ለዚያ ወጣት መምህር ተማሪዎች ሰጠሁት። አጎዛ እዚህም አይጠፋም።"

ከዚያ ተነሥተው የማንኩሳን መንገድ ያዙ። የብስኩት ቆርቆሮውን ከፈትሁ፤ ቀሪዋን ቅጠል ፈልጌ አወጣሁ። የመመለሻዋን፣ የአዲስ አበባው ባልደረባዬ እንደሚያደርገው፣ በመቅደጃ ነጠብጣቧ ላይ ቀደድኋትና ከጓደኛዋ ጋር አያያዝኋት።